ለዕቃም ቤት ይሠራለት



ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች በተገናኙበት ሥፍራ ሁሉ ከደመወዝ ነገር ቀጥሎ የሚነሣው ጨዋታ የቤት ነገር ነው። «ቤቴ ጠበበኝ» የማይል ሰው አላጋጠመኝም። እኔ በበኩሌ በዘመድም በወዳጅም ቤት እየገባሁ እንደ ተመለከትሁት ግን፣ ከብዙዎቻችን ዘንድ የጠበበው ቤቱ ሳይሆን ዕቃው ማደሪያ አጥቶ ከሰው ጋር እየተጋፋ ነው። ከሶፋው በስተኋላ የጤፍ ማዳበሪያ ቆሟል፤ ከአልጋው ሥር የዘይት ጀሪካን ተኝቷል፤ ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ መናገር የተወ ሬዲዮና የልጆች አሮጌ ደብተር ተከምሯል። እንግዳ የመጣ እንደ ሆነ ዕቃው ወደ መኝታ ቤት ይሰደዳል፤ እንግዳው ሲሸኝ ደግሞ ከስደቱ ይመለሳል።

ስለዚህ ዛሬ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም በጓሮ ስለሚሠራ ዕቃ ቤት ነው።

የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ከትልቁ ቤት በስተጀርባ «ሰርቪስ» የሚሉት ቤት እንዳላቸው የታወቀ ነው። ሰርቪስ የተሠራው ለወጥ ቤት፣ ለዕቃና ለቤት ሠራተኛ ነበር። ኪራይ እየተወደደ ሲሄድ ግን በየክፍሉ ተከራይ ገባበት፤ ዕቃው ደግሞ ከነአቧራው ወደ ትልቁ ቤት ተመለሰ። ይህን ያደረጉትን አልነቅፍም፤ ከሰርቪስ የሚገኘው ኪራይ የስንቱን ባለ ደመወዝ ልጅ እንዳስተማረ አውቃለሁና። ነገር ግን ሰው ስለ ቤት ጥበት ሲያማርር፣ የጠበበበት ምክንያት ከየት እንደ መጣ ቢያስብ መልካም ነው።

እኔ የማስተምረው በሰሜን ሸዋ፣ የግሼ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በራቤል ነው። መሐል ሜዳን አልፎ ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው ከተማይቱን ያውቃታል፤ ብርዷን ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ያልቀመሰው ሰው ቢነግሩትም አይገባውም። በዚህ አገር የሚኖር ባለ ደመወዝ እንደ አዲስ አበባ ሰው በኪሎና በግማሽ ኪሎ እየገዛ ሊኖር አይችልም። ገብሱና ባቄላው ከአውድማ ሲወጣ ርካሽ በሆነበት ወራት የዓመቱን ይሸምታል። የክረምቱን ማገዶ፣ ማለትም ኩበቱን፣ በበጋ ካላከማቸ በሐምሌ ይቸገራል። መንዝና ግሼ የእንጨት ድሃ ስለሆኑ ምድጃችን የሚነደው በአብዛኛው በኩበት ነው። አንዲት ላምና ጥቂት በጎች ያሉት ሰው ደግሞ ገለባ ይከምራል። እንግዲህ በራቤል «ዕቃ አታብዛ» ብሎ መምከር ከንቱ ነው፤ ዕቃው ኑሮው ነውና።

ቤቴ ሁለት ክፍል ነው። ከጎኑ የተቀጠለ ሦስተኛ ክፍል አለ፤ ባለ መኪና ብሆን ኖሮ ጋራዥ እለው ነበር፤ መኪና ስለሌለኝ ግን የእንጨት መሥሪያ አደረግሁት። ልጅ ሆኜ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ከሰዓት በኋላ የእጅ ሥራ ትምህርት ነበረን። መጋዝና መላጊያ፣ መሮና ስኳድራ አያያዝ የተማርሁት ያን ጊዜ ነው። ዛሬ የማስተምረው ፊዚክስ ቢሆንም ያ የእጅ ሥራ ከእጄ አልወጣም። በዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ባንኮ ተክዬ፣ ከባንኮው ላይ ሞርሳ አስሬ፣ ቅዳሜና እሑድ ከትምህርት ቤታችን የሚመጡ የተሰበሩ ዴስኮችን እጠግን ነበር። ለሦስት ተማሪ የተሠራ ዴስክ እግሩ በተሰበረ ቁጥር በጎረቤቱ ዴስክ ላይ አራትና አምስት ተማሪ ይቀመጣል፤ በዚያ ዓይነት ተጣብቆ የተቀመጠ ልጅ እንኳን ሊጽፍ ክርኑንም ማንቀሳቀስ አይችልም። አምስት ተማሪዎችም ሥራውን ለመማር ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እኔ ይመጡ ነበር።

ስለ እነዚህ ልጆች ጥቂት መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ በእነርሱ ምክንያት ነውና። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና በመላ አገሪቱ ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። ይህን ቁጥር በጋዜጣ የሚያነብ ሰው ራሱን ነቅንቆ ገጹን ይገልጣል፤ እኛ መምህራን ግን የቀሩትን ዘጠና አምስት ከመቶ በስማቸውና በመልካቸው እናውቃቸዋለን። ውጤት በተነገረ ማግሥት የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተደግፈው ቆመው እናገኛቸዋለን። የመሬቱን ጥበት ያየ፣ የአባቱን እርሻ ከወንድሞቹ ጋር ሊካፈል የማይችል ልጅ ያለው ምርጫ ወደ አዲስ አበባ ወርዶ ሸክም መሸከም ነው። በእጁ መጋዝና መሮ የያዘ እንደ ሆነ ግን፣ ራቤልም ቢቀር ደብረ ብርሃንም ቢወርድ የሚያበላው ነገር አለው። እኔ ልሰጣቸው የምችለው ይህን ነበር።

እንግዲህ ያች ክፍል በዕቃ እንዴት እንደ ተሞላች ልንገራችሁ፤ ይህ በማናቸውም ቤት የሚሆን ነገር ስለሆነ ማንንም አያስገርምም። መጀመሪያ ሁለት ማዳበሪያ ገብስ «ለሁለት ቀን ብቻ» ተብሎ ገባ። ቀጥሎ ዝናብ ሲያስፈራ ገለባው ገባ። ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ የሥራ ባልደረባዬ አልጋውንና ጠረጴዛውን «መኪና እስካገኝ» ብሎ አስቀመጠ። ከባለቤቴ እናት ቤት የመጣ፣ በጭቃና በአዛባ የተሠራ ትልቅ ጎታ አለ፤ እርሱን ውጭ ማሳደር ነውር ነው። ኩበቱም ተከተለ። በየካቲት ላይ ባንኮዬ ከነሞርሳው ከዕቃው ሥር ተቀብሮ ነበር።

የእንጨት ሥራ ቦታ የሚፈልግበት መጠን ያልሠራበትን ሰው ያስገርመዋል። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ በመላጊያ ለመላግ፣ ሠራተኛው ወደ ፊት የሚራመድበትና ጣውላው የሚያርፍበት ሥፍራ ሲደመር ወደ አራት ሜትር የሚጠጋ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። የባሕር ዛፍ ጣውላ ደግሞ እርጥቡን የተሠራበት እንደ ሆነ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በጥላ ሥር፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ ተደርድሮ፣ ነፋስ እያገኘው ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ይህ ሁሉ በገለባ መካከል አይሆንም። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ እሳት ነው። የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ደረቅ ኩበትና ገለባ በአንድ ጣራ ሥር ሆነው፣ መብራት በጠፋ ሌሊት ሻማ ይዞ የሚገባ ሰው ምን ሊደርስበት እንደሚችል መናገር አያሻኝም።

ከልጆቹ ሁለቱ መምጣት ተዉ። መቆሚያ ሲያጡ ምን ያድርጉ? ከቀሩት አንዱ፣ ከሁሉም ይልቅ እጁ የቀናው፣ ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ወርዶ የቀን ሥራ ሊሠራ እንዳሰበ ነገረኝ። ይህን በሰማሁ ዕለት ማታ ለባለቤቴ በጓሮ ዕቃ ቤት ልሠራ መሆኑን አጫወትኋት። «እስቲ አንተ ቤቱን ሥራው፤ ዕቃውን እኔ አወጣልሃለሁ» አለችኝ። ጎታውን ማን እንደሚያወጣው ግን አልተነጋገርንም።

አንዳንድ ሰዎች ለዕቃ ብሎ ቤት መሥራት የቅንጦት፣ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ልማድ ሊመስላቸው ይችላል። እንዲህ አይደለም። በየደብሩ ቅጥር ግቢ ከቤተ ክርስቲያኑ ተለይቶ የቆመውን ዕቃ ቤት የማያውቅ ማን ነው? አልባሳቱና ንዋየ ቅድሳቱ የሚቀመጡት በዚያ ነው፤ ኅብስቱ የሚዘጋጅበት ቤተ ልሔምም ራሱን የቻለ ቤት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ግቢም ግምጃ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱና ጠጅ ቤቱ እያንዳንዱ የራሱ ሥፍራና የራሱ ኃላፊ ነበረው። አባቶቻችን ሥራና ዕቃ በአንድ ጣራ ሥር ሲጋፉ ሁለቱም እንደሚበላሹ የገባቸው ይመስለኛል። ይህን ልማድ የተውነው እኛ በኪራይ ቤት ያደግነው ነን።

በውጭ አገርም ቢሆን አንድ የማይረሳኝ ታሪክ አለ። በ1938 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ቢል ሂውሌትና ዴቭ ፓካርድ የሚባሉ ሁለት ወጣት መሐንዲሶች በካሊፎርንያ በፓሎ አልቶ ከተማ አንድ ግቢ ተከራዩ። ፓካርድ ከሚስቱ ጋር በቤቱ ተቀመጠ። የመኪና ማደሪያውን ሥራ ቤት አደረጉት። ሚስት ያላገባው ሂውሌት ደግሞ በጓሮ በነበረችው ትንሽ ጎጆ ውስጥ አልጋውን ዘርግቶ ይተኛ ነበር። በ538 ዶላር መነሻ ገንዘብ በዚያ የመኪና ማደሪያ ውስጥ የሠሩት የድምፅ መሞከሪያ መሣሪያ ተወዶ፣ የዋልት ዲስኒ ኩባንያ ለሲኒማ ሥራው ስምንቱን ገዛቸው። ድርጅታቸው በኋላ በኮምፒዩተርና በማተሚያ መኪና በዓለም የታወቀው ነው፤ ያ የመኪና ማደሪያም ዛሬ በመንግሥት የታሪክ ሥፍራነት ተመዝግቦ ይጠበቃል። እኔን ደስ የሚለኝ ግን ዝናው አይደለም። ሰውየው ራሱን ወደ ጓሮ አውጥቶ ሥራውን በደኅናው ቤት ማሳደሩ ነው። እኛ ደግሞ ገብሱን እንኳ ወደ ጓሮ ማውጣት አቅቶናል።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ሥራው ተጀመረ። ወሩን የመረጥሁት በምክንያት ነው። የመኸሩ ውቂያ አልቆ የበልጉ እርሻ ሳይጀመር ያለው ጊዜ ጎረቤት ሁሉ እጁ የሚፈታበት ነው። መሬቱም ደረቅ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ጠይቄ፣ ከመንገዱና ከጎረቤት አጥር የሚገባውን ያህል ራቅሁ።

በመጀመሪያ ባለ አራት ማዕዘን ቤት ነበር ያሰብሁት። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ፣ በዕድሜያቸው ብዙ ቤት የካቡ፣ ችካል ስተክል አይተው ቀረቡና «የኔ ልጅ፣ ለገብስና ለገለባ ማዕዘን ምን ይሠራለታል? ክብ አድርገህ ሥራው፤ ድንጋይ ታተርፋለህ» አሉኝ። «አባባ፣ ስንት ያህል አተርፋለሁ?» ብላቸው «እሱን እናንተ የተማራችሁት ቁጠሩት» ብለው ሳቁ። በማግሥቱ ይህንኑ ለተማሪዎቼ የክፍል ጥያቄ አድርጌ ሰጠኋቸው። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር 4 ሜትር የሆነ ክብ ቤት ወለሉ 12 ሜትር ካሬ ከግማሽ ያህል ይሆናል፤ ግድግዳውም በውስጥ በኩል 12 ሜትር ከግማሽ ያህል ይዞራል። ያንኑ ወለል የሚይዝ፣ አንዱ ጎኑ 4 ሜትር የሆነ ባለ ማዕዘን ቤት ግን ከ14 ሜትር በላይ ግድግዳ ይፈልጋል። ውፍረቱን ግማሽ ሜትር፣ ቁመቱን ከነመሠረቱ 2 ሜትር ከ70 ብንወስደውና በሩን ብንቀንስ፣ ለክቡ ቤት ድንጋዩና ጭቃው 18 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ለባለ ማዕዘኑ 21 ያልፋል። ሽማግሌው አንድም ቀን ትምህርት ቤት ሳይገቡ የተናገሩት እውነት ሆኖ ስላገኙት ተማሪዎቹ በጣም ተደነቁ። የመንዝ ክብ የድንጋይ ቤት በዘፈቀደ ክብ የሆነ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ስሌት ራሱ ይሞክረው።

ችካል ተክለን፣ በሁለት ሜትር ገመድ ክቡን አሰመርን። መሠረቱ እስከ ጉልበት ጠልቆ ጠንካራ መሬት ላይ አረፈ። ድንጋዩ አገሩ የሚያበቅለው ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ የተከፈለበት የማጓጓዣው ብቻ ነው። በካቡ ሥራ ላይ ሽማግሌው የሚያስገድዱት ሁለት ሕግ ነበር። አንደኛው የሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ከሥሩ ባለው መጋጠሚያ ላይ እንዳይውል ነው። ሁለተኛው በየሜትሩ የግድግዳውን ውፍረት አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ረጅም ድንጋይ እንዲገባ ነው። ይህ ካልሆነ የውስጡና የውጭው ገጽ ለየብቻው ቆሞ፣ አንድ ክረምት ሲመታው ሆዱን ይነፋና ይፈርሳል። ከተማ ውስጥ የሚፈርሱትን የድንጋይ አጥሮች ቆም ብዬ ስመለከት ብዙዎቹ ይህ ድንጋይ የላቸውም።

ብዙ ሰው የማያስበው የጭቃው ነገር ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀን መሰንበት አለበት። የራቤል የጥር ሌሊት ደግሞ ውርጭ ይጥላል። እርጥብ ጭቃ ሳይደርቅ ውርጭ ያገኘው እንደ ሆነ በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ይሆናል፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ በረዶው ሲቀልጥ ጭቃው እንደ አመድ ይረግፋል። ስለዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አንድም ድንጋይ አናኖርም ነበር። ማታ ማታ የዕለቱን ካብ በገለባና በአሮጌ ማዳበሪያ እናለብሰው ነበር። አንድ አላፊ አግዳሚ «መምህሩ ለግድግዳው ባና አለበሰለት» ብሎ ቀለደብኝ። ባና ማለት ለማያውቀው አንባቢ፣ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሸመነው ወፍራም ብርድ ልብሳችን ነው፤ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። የለበሰው ብርድን ይንቃል።

ጉልበቱን ያገኘሁት በወንፈል ነው። ስድስት ጎረቤቶች ስድስት ቀን መጡልኝ። እንደ ገበሬ የእርሻ ቀን መመለስ የማልችል ስለሆንሁ ብድሬን በእንጨት እከፍላለሁ ብዬ ተዋዋልን። ለአንዱ በር፣ ለሌላው ቀንበርና ሞፈር፣ ሸማኔ ለሆነው ደግሞ መወርወሪያና የሸማ ዕቃው የጎደለውን ሠራሁ። እንግዲህ ዕቃ ቤቱ ሥራ ቤቱን ነጻ ካወጣ በኋላ፣ የዕቃ ቤቱን ዕዳ የከፈለው ያው ሥራ ቤት ነው። ጠላውና ንፍሮው ሳይዘነጋ ነው ይህ ሁሉ።

ጣራው ላይ ስንደርስ ክርክር ተነሣ። ወጣቶቹ ሁሉ ቆርቆሮ ይሁን አሉ። ቆርቆሮ ዘመናዊ ነው፤ ይዘልቃል፤ እሳት አይፈራም። እኔም መኖሪያ ቤቴ ቆርቆሮ ስለሆነ ልቃወም አልቻልሁም። ሽማግሌው ግን «ቆርቆሮ ዝናብ ይከለክላል እንጂ ብርድ አይከለክልም» አሉ። በፊዚክስ ቋንቋ ስተረጉመው ነገሩ እንዲህ ነው። በጠራ ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን በፍጥነት ለሰማይ ይሰጣል። የቀዘቀዘውን ብረት ከውስጥ የነካው እርጥብ አየር ጤዛ ይሆንና ወደ ታች ይንጠባጠባል። የክረምቱን ሌሊት ሁሉ የተንጠባጠበበት ገብስ ይሻግታል። ሣር ግን በየዘለላው መካከል አየር ስለያዘ ውስጡ ከውጭው ጋር አብሮ አይቀዘቅዝም። ሳሎን ቢሆን ኮርኒስ ይሠራለታል፤ ለዕቃ ቤት ኮርኒስ የሚሠራ ግን ሲኒማ ቤት ያለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ሣር ሆነ፤ ሣሩም የጓሳ ሣር።

ስለ ጓሳ ጥቂት ሳልናገር ባልፍ መንዞች ይታዘቡኛል። የጓሳ ምድር ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሣር አገር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይሆናል። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፣ አስቦና ጌራ ከሚባሉት አቅኚ አባቶች የወረደ ነው በሚባል ሥርዓት፣ ሕዝቡ ራሱ በመረጣቸው አለቆች እያስጠበቀ ምድሩን ለዓመታት ይዘጋው ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ ያጭደው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ የርስት ሥርዓት ስለ ቀረ ጥበቃውም ላላ። ቆይቶ ግን የአካባቢው ሕዝብ እንደገና ተደራጅቶ ምድሩን ይጠብቃል፤ የክልሉ መንግሥትም በደንብ አጽንቶታል። ዛሬም ሣሩ የሚታጨደው ሲፈቀድ ብቻ ነው። እኔ የገዛሁት ከገበያ ነው፤ ሻጩ የታጨደው በተፈቀደበት ጊዜ መሆኑን አረጋግጦልኛል። ርካሽ ነው አልልም። ከሌላ ሣር አብልጦ እንደሚቆይ ግን አገሩ ሁሉ ይመሰክራል።

ክዳኑ ቁልቁለቱ በርትቶ የተሠራ ነው፤ ዝናብ በሣር ላይ ከዘገየ ይገባል። ወራጁና ማገሩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ልጡ ተልጦ ሦስት ሳምንት የደረቀ። ከጣራው ሥር ሁለት ትናንሽ መተንፈሻ ተውሁ፤ አይጥ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ከደንሁት። በውስጥ በኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ ከምሬ፣ በላዩ አጣና ረብርቤ ቆጥ አደረግሁ፤ ማዳበሪያው ከመሬትም ከግድግዳም ተለይቶ ያርፋል። አጭር ግድግዳ ኩበቱንና ገለባውን ከእህሉ ይለያል። በዙሪያው ቦይ ተቆፍሮ የጣራው ውኃ ወደ ጎመኑ መደብ ይሄዳል። ሣር ክዳን እሳት ስለሚፈራ ሻማም ኩራዝም ወደ ውስጥ አይገባም፤ ባትሪ ብቻ። ከወጥ ቤቱም ከአሥር ሜትር በላይ ርቋል። ጠቅላላ ወጪው ከሁለት ወር ደመወዜ አልበለጠም፤ ከዚያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የወሰዱት ሣሩ፣ አጣናውና የወንፈሉ ድግስ ናቸው።

ባለቤቴ እንደ ቃሏ ዕቃውን በሁለት ቀን አወጣችው። ጎታውን ስምንት ሰው ተሸከመው። የተዛወረው ባልደረባዬ አልጋ ከነጠረጴዛው ለሹፌር ተሰጥቶ ወደ ባለቤቱ ሄደ፤ ከአንድ ዓመት በላይ እንግዳችን ነበር። ባንኮው ሲገለጥ በላዩ ሁለት መሮና የጠፋብኝ ስኳድራ ተገኙ።

ከመጋቢት እስከ ሰኔ በዚያች ክፍል 19 ዴስኮች ተጠግነው ወደ ትምህርት ቤት ተመለሱ። ከልጆቹ አራቱ ተመልሰዋል። አዲስ አበባ ሊወርድ አስቦ የነበረው ልጅ ፋሲካ አልፎም አልሄደም። የገበያ ቀን በርጩማና የእንጀራ ሰፌድ መስቀያ ይሸጣል፤ ለአንዲት ሻይ ቤትም አራት አግዳሚ ወንበር ሠርቶ ገንዘቡን ተቀብሏል። የሚቀጥለውን ፈተና ይውደቅ ይለፍ አላውቅም። አምስተኛው ልጅ ግን ቀድሞ ሄዷል። ወንድሙን ስጠይቀው አዲስ አበባ ሕንጻ በሚሠራበት ሥፍራ ሲሚንቶ እንደሚሸከም ነገረኝ።

በከተማ ያላችሁ አንባቢዎች «ይህ ለራቤል ይሆናል፤ እኛ የት አለን ጓሮ?» እንደምትሉ ይገባኛል። ጓሮ የሌለው ጓሮ ፍጠር አይባልም። ነገር ግን በብዙ ግቢ ከአጥሩና ከቤቱ መካከል አንድ ሜትር ከግማሽ የሚሆን ስርጥ አለ፤ የዝናብ ውኃ የሚተኛበትና አሮጌ ባልዲ የሚጣልበት። እዚያ ላይ በቆርቆሮና በአጣና የሚሠራ ጠባብ ዕቃ ቤት የጤፉንና የከሰሉን ቦታ ይችላል፤ ውኃው መውጫ ይኑረው፣ ጣራው ወደ ጎረቤት ግቢ አያፍስስ፣ የማዘጋጃ ቤቱም ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቅ። እህሉ የሚነቅዝባችሁ እንደ ሆነ ደግሞ በየገበያው የሚሸጠውን አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ተጠቀሙበት፤ ነቀዙ መተንፈሻ አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት መርጨትም አያስፈልግም። ሰርቪሳችሁን ያከራያችሁም ብትሆኑ ከክፍሎቹ አንዲቱን ለአንድ ዓመት መልሳችሁ ዕቃውን ብታስገቡባትና በትልቁ ቤት በተለቀቀው ክፍል ሚስትየዋ የስፌት መኪናዋን ብትዘረጋ፣ ወይም ልጁ ብቻውን ቢያጠናበት፣ ከኪራዩ ጋር አስተያዩት። የትኛው እንደሚበልጥ የየቤቱ ሰው ያውቀዋል።

ዕቃ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ሊነሣ የሚችል ሌላ ክርክርም አለ። አዲሱ ቤት ባዶ ስለ መሰለ ዘመድ አዝማድ የራሱን ዕቃ ማምጣት ይጀምራል። እኛ በበሩ ውስጥ በኩል አንድ ደብተር በምስማር አንጠልጥለናል፤ የገባው ዕቃ፣ የባለቤቱ ስምና የሚወጣበት ወር ይጻፍበታል። አማቴ ይህን ሲያዩ «ቤተ መንግሥት ነው እንዴ?» ብለው ስቀዋል። በሚያዝያ የገባውን የማር ቀፏቸውን ግን በደብተሩ አስጽፈዋል።

አሁን የሚቀረኝ የበሩ ማጠፊያ ነው። ከገበያ የገዛሁት ቀጭን ስለሆነ በሩ ወደ ታች ማዘንበል ጀምሯል፤ በከተማችን ያለው ቀጥቃጭ ወፍራሙን ሠርቶ እስኪያመጣልኝ በጠፍር አስሬዋለሁ። የጣራውን ጉልላት ደግሞ ሽማግሌው ክረምቱ ሲወጣ መጥተው እንደሚያስተካክሉት ቃል ገብተዋል።

ከአክብሮት ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከራቤል (ግሼ)